ገጽ የሚገለጥበት ቦታ

ያን ቀን ከማለዳው ጀምሮ ነፋስ ነበር። አቧራውን ከመንገድ እያፈሰ በየመስኮቱ የሚደፋ፣ የተሰጣ ልብስ ከገመድ ነጥቆ ጎረቤት ግቢ የሚጥል ክፉ ነፋስ። እማዬ የምታጸዳበት ትምህርት ቤት የአንዱን ክፍል ቆርቆሮ ገንጥሎት ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ጽዳቱ ግን አይቀርም። እማዬ እኔንና ታናሽ እህቴን በእንዲህ ያለ ቀን ብቻችንን ትታን መሄድ አልሆነላትም፤ ይዛን ወጣች። እኔ መጥረጊያ ተሰጠኝ። እህቴ ገና ትንሽ ስለነበረች "እዚህ ቁጭ በይ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ" ተብላ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ቀረች። ምንም አትንኪ የተባለ ልጅ የሚያደርገው የታወቀ ነው።

አዳራሹ ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ፒያኖ ነበር። የተሰበሩ ወንበሮች ተጭነውበት፣ አንድ እግሩ በጡብ ተደግፎ የቆመ። ኮሪደሩን እየጠረግን ሳለ አንድ ድምፅ ሰማን። አንድ ብቻ። ከዚያ ዝም። ቆይቶ ደግሞ ሌላ አንድ። ዘበኛው ከእማዬ ቀድሞ ገባና ተመልሶ ወጣ።

"ልጅሽ ደህና ናት?" አላት።

"ምን አደረገች?"

"ምንም አላደረገች፣ እሱ ነው የገረመኝ። ልጅ ፒያኖ ሲያገኝ ይደበድበዋል። ይቺ አንዱን ነካ ታደርግና ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች። ምንድን ነው የምትጠብቀው?"

እማዬ መወልወያዋን እንደያዘች ገባች። "አትንኪ አላልኩሽም?"

"እስኪያልቅ ነው፣ እማዬ።"

"ምኑ?"

"ድምፁ። ቶሎ አያልቅም እኮ። ይሄ ነፋስ ነው የሚያቋርጠኝ።"

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ኮሽታ" አላት። እውነቱን ነው፤ ኮሽ ካለ አንገቷ ይዞራል። በር ሲንቋቋ፣ ማንኪያ ሲወድቅ፣ የጎረቤት ሞተር ሲነሳ፣ የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ትሰማለች። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ዛሬም ዘመድ ሲደውል "ኮሽታ እንዴት ናት?" ነው የሚለኝ።

የትምህርት ቤቱ ሙዚቃ አስተማሪ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ያንን ፒያኖ ከሷ በቀር የሚፈልገው ስላልነበረ ሌላ ሰው በማግኘቷ ደስ አላት። ወንበሮቹን አስወርዳ ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት እህቴን ታስተምራት ጀመር። ኖታ ማንበብ የቻለችው ፊደል ከመጨረሷ በፊት ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳለሁ የእማዬ ወገብ እምቢ አለ። አንዳችን መሥራት ነበረብን፤ ታላቋ እኔ ነኝ። መጥረጊያውን ተረከብኩ፣ በኋላ ደግሞ ልብስ ስፌት ለመድኩ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለም።

እህቴ አድጋ ሙዚቃ ኮሌጅ ስትገባ ፒያኖ ተጫዋች ልትሆን ነበር የሄደችው። የፒያኖ መምህሯ ደረቅ ሰው ነበሩ፤ ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፣ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። የተማሪዎቹ ቅጣት መነጽር ሲወለወል ማየት ነበር። እህቴ ሁለት ዓመት ስትማር መነጽራቸው እንደ መስታወት አበራ። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አስቀሯት።

"ጣቶችሽ ደህና ናቸው" አሏት። "ግን መሃል ላይ ትቆሚያለሽ።"

"እየሰማሁ ነው፣ ጋሼ።"

"ተጫዋች ሰምቶ ጨርሶ ነው የሚቀመጠው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። የሰው ሙዚቃ ስትጫወቺ ፊትሽ ላይ 'እኔ ብሆን እንዲህ አላደርገውም' የሚል ነገር አያለሁ። ሂጂና እንዴት እንደምታደርጊው ጻፊዋ!"

ቤት መጥታ ነገረችኝ። "ተባረርሽ ማለት ነው?"

"አዎ እትዬ፣ ተባረርኩ" አለች እየሳቀች። "ወደ ላይኛው ፎቅ።"

ላይኛው ፎቅ ላይ የሚማሩት ሙዚቃ የሚደርሱት ነበሩ። እኔ የሙዚቃ ደራሲ ሲባል ለዘፋኝ ዘፈን የሚሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ሰፈሩም እንደኔ ነው። "የማንን ዘፈን ጻፈች?" ይሉኛል። ግጥም የለውም፣ ዘፋኝም የለውም፣ ለቫዮሊንና ለክላርኔት፣ ለመለከትና ለከበሮ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚጫወት በወረቀት ይጻፋል ስል "እና ማን ይሰማዋል?" ይላሉ። እኔም ጨርቄን እቆርጣለሁ።

የመጀመሪያ ድርሰቷ የተሰማው በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። ጓደኞቿ አራት ሆነው፣ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይዘው ተጫወቱት። እኔና እማዬ ከፊት ተቀመጥን። እማዬ የክት ልብሷን ለብሳለች። አራቱ ልጆች በጣም ቀስ ብለው፣ እየተጠባበቁ፣ አንዴ አንዱ አንዴ ሌላው ሲያሰሙ ቆዩ። ከዚያ ደጋናቸውን አወረዱ።

እማዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "መቼ ነው የሚጀምሩት?" አለችኝ።

"እማዬ፣ አለቀ እኮ።"

"ውይ!" አለችና ከሁሉ አስበልጣ አጨበጨበች።

እህቴ ይህን ስትሰማ ታዝናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እማዬን አቅፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ልክ ናት" አለችኝ በኋላ። "መጀመሪያው አይታወቅም። የሚቀጥለው ይታወቃል።" እንዲህ ናት። ሰው ሲነቅፋት ወይ ትቀበላለች ወይ ትተዋለች፤ እንቅልፍ ግን አታጣም። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከቤታችን አይደለም።

ኮሌጁን ከጨረሰች በኋላ ሥራ ያገኘችው የሕፃናት ዳንስ የሚያስተምር አንድ ቤት ውስጥ ነው። ሕፃናቱ እጃቸውን ወደ ላይ ሲሰቅሉ ፒያኖ ትመታለች፤ ሲያወርዱ ታቆማለች። ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ሥራው። ጠዋቱን ለራሷ ይዛው ትጽፋለች። የምትጽፈው እኔ ቤት ነው። የፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቴ ነው፤ መስኮቱ ሥር መኪናዬ፣ መሃል ላይ ጨርቅ የምዘረጋበት ረጅም ጠረጴዛ አለ። የጠረጴዛው ግማሽ የሷ ሆነ። ቆማ ነው የምትጽፈው። በግራ እጇ ጠረጴዛውን እየነካካች፣ በቀኝ እጇ ትላልቅ ወረቀቶች ላይ በእርሳስ ጥቃቅን ነጥብ ትደረድራለች። ድምፅ አታሰማም፣ አታንጎራጉርም። መኪናዬ ይረብሻት እንደሆን ብዬ ስጠይቃት "አይ፣ እሱ አንድ ዓይነት ነው፣ ይረሳል። የሚረብሸኝ ደንበኞችሽ ናቸው" አለችኝ። ደንበኞቼ ግን ይወዷታል። አንዲት ወፍራም ደንበኛ ወገቧ ሲለካ እህቴን እያየች "ይቺ ልጅ የሂሳብ ሥራ ነው የምትሠራው?" ብላኛለች። አዎ አልኳት፤ ላስረዳት ጉልበት አልነበረኝም።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ለፒያኖ ጻፈች፣ ለመዘምራን ጻፈች፣ ለአንድ ዋሽንት ብቻ ጻፈች። በየትንንሹ አዳራሽ ጥቂት ሰው ሰማላት። ከዚያ ለሙሉ ኦርኬስትራ አንድ ትልቅ ድርሰት ጀመረችና ሌላውን ሁሉ ተወች። የከተማው ኦርኬስትራ በየዓመቱ ከአዲስ ደራሲዎች አንድ ሥራ መርጦ ይጫወት ነበርና ጨርሳ ላከችው። ተመረጠላት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። "እትዬ፣ ስልሳ ሰው ሊጫወተው ነው" አለችኝ። እኔ ደግሞ መርፌ አፌ ውስጥ ነበረና እቅፍ ሳላደርጋት ቀረሁ፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ።

በዚያው ሰሞን የዳንስ ቤቱ ባለቤት አስጠርታት ነበር። አርጅታለች፣ ቤቱን ለእህቴ ልታስረክብ ትፈልጋለች። ኃላፊ ትሆናለች፣ ደህና ደመወዝ ታገኛለች፣ ግን ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ነው። መልስ ትፈልጋለች፤ ሌላ ሰውም አላት። እህቴ ከወሩ መጨረሻ በፊት እነግርሻለሁ አለቻት። ለኔ ግን እንቅጩን ነገረችኝ።

"ኦርኬስትራው ከተጫወተልኝ ሌላ እንድጽፍ ይጠይቁኛል፤ ደንባቸው ነው። ካልተጫወተልኝ ግን እቀበላታለሁ። ጠረጴዛሽ ላይ ቆሜ መሸበት የለብኝም።"

"ኃላፊ ሆነሽስ አትጽፊም?"

"መቼ? ልጆቹ ሲተኙ? ቤታቸው ነው የሚተኙት።"

ቀልዷ ነበር፣ ግን አልሳቅኩም። እኔ ያንን የሙሉ ቀን ሥራ ብትይዘው አልጠላም ነበር። ጡረታ አለው። ይህን አላልኳትም፤ እሷም ሳልላት ታውቃለች።

ኦርኬስትራው ለአዲስ ሥራ የሚሰጠው ሁለት ልምምድ ነው። በመጀመሪያው ካልቆመ መሪው ያወጣውና የታወቀ የድሮ ሥራ ይተካበታል። በመጀመሪያው ልምምድ ቀን የተጫዋቾቹ ወረቀት ብዙ ስለነበረ ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ሙሉው ድርሰት ያለበትን ትልቁን መጽሐፍ የሚያየው መሪው ብቻ ነው። ለየተጫዋቹ የሚሰጠው የራሱ ድርሻ ነው። እህቴ ያንን ሁሉ ዳንስ ቤት ባለው ኮምፒውተር ጽፋ በዚያው አትማዋለች። ንጹሕ ነበር፣ ጥርት ያለ። በየኖታ ማስቀመጫው ላይ ስናስቀምጥ እኔም ኮራሁ።

መሪው ቀጭን፣ ሽማግሌነት የጀመረው ሰው ነው። በየመሃሉ እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓት ስለሚያይ ተጫዋቾቹ "ሰዓቱ" ይሉታል፤ ከፊቱ ግን "ጋሼ" ነው። እኔ ከኋላ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ከፊት፣ ትልቁን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ።

ጀመሩ። አጀማመሩ ይታወቃል፤ እማዬም እዚህ ብትመጣ ታውቀው ነበር። መለከቶቹ ተነሡ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ድምፁ አዳራሹን ሞላውና ደረቴ ላይ መጣብኝ። ያቺ አንድ ድምፅ ነክታ የምትጠብቅ ልጅ ይህን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ስትሠራ ኖራ ነው ብዬ ገረመኝ። ከዚያ ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ወረደና ባለ አውታሮቹ፣ ቫዮሊኖቹ እስከ ትልልቆቹ ኮንትራባሶች ድረስ፣ ብቻቸውን ቀሩ። በጣም ስስ የሆነ፣ የሚሰማ የማይሰማ ድምፅ ይዘው ቆዩ። እህቴ ለዚህ ቦታ ነው ድርሰቱን ሁሉ የጻፈችው፤ ነግራኛለች።

ሿ!

ግማሹ ሰው መጫወቱን አቁሞ ወረቀት ገለጠ። ሁሉም ባንድ ጊዜ። ገበያ ውስጥ ዶሮ የበረገገ ነበር የሚመስለው። አንዱ ወረቀት ወደቀ፣ አንዷ ልታነሣ ጎንበስ ስትል ደጋኗ ማስቀመጫውን መታው። የቀረው ግማሽ ግራ ተጋብቶ ጥቂት ገፋና ቆመ። ከዚያ ሳቅ ሆነ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ መሪው።

"ጋሼ፣ ገጹ እዚያ ላይ ነው ያለቀው" አለች አንዲት ቫዮሊን ተጫዋች።

"የኛም።"

"የኛም እዚያው ላይ ነው!" አሉ ከቼሎዎቹ። አንዱ ደግሞ "ሆን ተብሎ ነው፤ ዘመናዊ ሙዚቃ ነው" አለና ሳቁ እንደገና ፈላ።

መሪው እንደገና አስጀመራቸው። እንደገና ሿ። እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ። "እንግዲህ ይበቃል። እረፍት" አለና ወርዶ ወደ እህቴ መጣ። እኔም ሳላስበው ተነሥቼ ተጠጋሁ።

"የኦርኬስትራ ወረቀት አዘጋጅተሽ ታውቂያለሽ?" አላት።

"አላውቅም፣ ጋሼ። ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"

"ያስታውቃል። በጣም ቀላሉን ልንገርሽ። ከዚህ ጸጥ ያለ ቦታ ግማሹን ቁረጪው። ገጹ ከማለቁ በፊት ያልቃል፤ ሌላው ደህና ነው። ካልሆነ እኔ ሰዓት የለኝም፣ የድሮውን አስገባለሁ።"

"እስከ ሐሙስ ልምምድ ይስጡኝ።"

"ለመቁረጥ?"

"ለማስተካከል።"

መሪው እኔን አየኝ፤ ዘመድ መሆኔን አውቆ እባክሽ ምከሪያት የሚል ይመስላል። "ሐሙስ አንዴ እሞክረዋለሁ። አንዴ!" ብሎ ሄደ።

እህቴ አላለቀሰችም። ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነበር፣ የሆነ ነገር እንደምትሰማ። ኮሪደር ላይ ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ቫዮሊን ተጫዋች መስኮት ሥር ሻይ ይጠጣል። ዕድሜውን ሙሉ ከመጨረሻው ረድፍ ስላልተነሣ "ኋላ ወንበር" ይሉታል፣ ራሱም ሲያስተዋውቅ እንዲያ ነው የሚለው።

"ልጄ፣ አይክፋሽ" አላት። "አንቺ ፒያኖ ነሽ አይደል?"

"በምን አወቁ?"

"ፒያኖ ብቻውን ይቀመጣል። እኛ ባለ አውታሮች ለአንድ ማስቀመጫ ሁለት ነን። እኔ እጫወታለሁ፣ አጠገቤ ያለው ገጽ ይገልጣል። ስለዚህ በገለጠ ቁጥር ግማሻችን የለንም። ይሄ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም፣ እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። አንቺ ግን እዚህ አልተቀመጥሽም።"

"ጓደኞቼ ሲጫወቱልኝ ወረቀቱን ጎን ለጎን ይዘረጉት ነበር" አለች እህቴ። "ለኦርኬስትራውም ሁሉንም ባንድ ልክ ነው ያሰፈርኩት። ሁሉም ያንኑ ረጅም ድምፅ ስለሚይዙ ሁሉም እኩል አለቀባቸው።"

"ታዲያ ቁረጪውና ገላግዪን።"

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሌላው ሲገልጥ እርስዎ ብቻዎን ሲቀሩ ምን ተሰማዎት?"

ኋላ ወንበር ሻዩን አወረደ። "ምን ይሰማኛል? ብርድ ነዋ! ራቁቴን የቀረሁ ነው የመሰለኝ።"

እህቴ ፈገግ አለች። "አመሰግናለሁ" አለችው። እሱ ደግሞ ዞሮ "ይቺ ደህና ናት?" አለኝ። ሁሉም እኔን ነው የሚጠይቀኝ።

አውቶቡስ ውስጥ መከርኳት። "ብትቆርጪውስ? ትንሽ ቦታ ነው እኮ ቁረጪ ያለሽ።"

"እትዬ፣ እነሱ ሲስቁ እኔ ሌላ ነገር ነው የሰማሁት።"

"ምን?"

"ግማሾቹ ሲያቆሙ የቀሩት ያሰሙት ድምፅ እኔ ከጻፍኩት ይሻላል። ቀጭን ነው፣ ሊበጠስ የደረሰ። እኔ ሁሉም ቀስ ብለው ይጫወቱ ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲጫወት ግን ወፍራም ነው። ጥቂቱ ሲጫወት ነው የሚቀጥነው። ስህተቱ ወረቀቱ ብቻ ነው። የወረቀቱን ጫጫታ አጠፋና ያንን ቀጭን ድምፅ አስቀራለሁ።"

"ሰዓቱ አንዴ ነው የምሞክረው ብሏል። ካልሆነ?"

"ካልሆነ ልጆቹን እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች እላቸዋለሁ።"

"በዚህ ትቀልጃለሽ?"

"እና ላልቅስልሽ?" አለችኝ ቆጣ ብላ። "ብቆርጠውና ቢጫወቱት የኔ አይደለም። እሱን ይዤ ሌላ ስጽፍ ደግሞ ሌላ ይቆረጣል። አንቺ እጅጌ ጎርደሽ የማይመጥን ቀሚስ ሰጥተሽ 'ደህና ነው' ትያለሽ?"

ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ ደንበኛ ቸኩሎ ሲመጣ ምን አደርጋለሁ። ወደ መስኮቱ ዞሬ መንገዱን አየሁ።

በነጋታው መኪናዬን ወደ ጥግ ገፋሁላትና ጠረጴዛው ሙሉ የሷ ሆነ። በዚያ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ከየማስቀመጫው አንድ ሰው ብቻ እንዲጫወት ጻፈች። አጠገቡ ያለው ሰው እጁ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሳይቸኩል ገጹን ይገልጣል። ደግሞ ሁሉም ባንድ ቦታ እንዳይገልጡ ለየመሣሪያው ገጹ የሚያልቅበትን ቦታ ለያየችው። አንደኞቹ ቫዮሊኖች ቀድመው፣ ቼሎዎቹ ኋላ። የመጨረሻዎቹ ሲገልጡ ከሩቅ አንድ ቀንድ መሳይ መለከት ለስላሳ ድምፅ እንዲገባ አደረገች፤ ወረቀቱ በሱ ሥር ይሸፈናል። የገለጡት አንድ በአንድ እየተመለሱ ድምፁ ቀስ እያለ ይሞላል። ይህን ሁሉ ስታስረዳኝ እኔ የገባኝ ግማሹ ነው። የኔ ሥራ መቁረጥና መለጠፍ ነበር። አንዱን ገጽ ገልብጬ ለጥፌባት "እትዬ፣ ቼሎዎቹን በጭንቅላታቸው አቆምሻቸው" ብላ ስቃብኛለች። እማዬ ወገቧ ከቤት ስለማያስወጣት ከጓዳ፣ አልጋዋ ላይ ሆና "አልቋል ወይ?" እያለች በየጊዜው ትጣራለች። "ገና ነው እማዬ!" እንላለን ባንድ አፍ።

ሐሙስ ደረሰ። ተጫዋቾቹ የተለጠፈውን ወረቀት ሲያዩ "የልብስ ስፌት ነው እንዴ?" አለ አንዱ። አልተቀየምኩም፤ ነውና። ኋላ ወንበር ግን ገልጦ አየና አጠገቡ ላለው "አንተ አታገለግልም ተብለሃል፣ እዚህ ላይ እኔ ብቻ ነኝ የምጫወተው" አለው።

"ዕድሜ ልክህን የተመኘኸውን አገኘህ" አለው ያኛው።

መሪው ዱላውን አነሣ። አጀማመሩን አልፈው፣ መለከቱ ተነሥቶ፣ ወደዚያ ቦታ ሲወርዱ እጄ ቀሚሴን ጨብጧል። ድምፁ ቀጠነ። በጣም ቀጠነ። ተበጠሰ ስል አልተበጠሰም። ከግራ በኩል አንዳንድ እጆች ወረቀት ሲገልጡ አየሁ፤ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ቀጥሎ ከመሃል። ከዚያ ያ መለከት ከሩቅ ገባ፣ የቀሩትም ገለጡ፣ የተመለሱት እየተጨመሩ ድምፁ እንደ ንጋት ወፈረ። መሪው አላቆማቸውም። እስከ መጨረሻው ወሰዳቸው።

ሲያልቅ ዱላውን አስቀመጠና መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለበጠ። እህቴ ተነሥታ ቆማለች።

"እዚህ ቦታ ላይ" አለ መሪው፣ "ከየማስቀመጫው አንዱ ብቻ ያልሽው ለገጹ ብለሽ ነው ወይስ ለድምፁ?"

"ለድምፁ፣ ጋሼ። ገጹ አጋጣሚ ነው።"

"እንግዲያው ወረቀቱ ላይ በደንብ ጻፊው። ሌላ ኦርኬስትራ ሲጫወተው ሁለቱንም ያጫውታቸዋል።" ወደ ተጫዋቾቹ ዞረ። "ፕሮግራሙ ላይ ይቆያል። ከመጀመሪያው፣ አንዴ ደግሞ።"

እህቴ ቁጭ ስትል ወንበሩን ስታ ልትወድቅ ነበር። ኋላ ወንበር በደጋኑ የኖታ ማስቀመጫውን መታ መታ አደረገ፤ የነሱ ጭብጨባ እንዲያ ነው። ጥቂቶቹም አብረውት መቱ። ሁሉም አይደሉም።

ኮንሰርቱ ዕለት አዳራሹ ሙሉ አልነበረም። በዚያ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሰውዬ አሳለ፣ ይቅርታ እንኳን ሳይል ደገመ። ሲያልቅ አንዳንዱ ቆሞ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ኮቱን ፈለገ። አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት "ረዘም ይላል" ተባባሉ። እህቴ መድረኩ ላይ ወጥታ፣ እኔ የሰፋሁላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ለጭብጨባው ስትቸኩል አላየኋትም። በሳምንቱ ኦርኬስትራው ሁለተኛ ድርሰት እንድትጽፍ ጠየቃት። እሷም ዳንስ ቤት ሄዳ ለቤቱ ባለቤት ኃላፊነቱን እንደማትቀበል ነገረቻት። ሴትዮዋ ተቀይማ ጥቂት ቀን አላናገረቻትም፤ በኋላ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሰጥታ እህቴን በከሰዓቱ ሥራዋ ተወቻት።

እኔ ስለ ጡረታው አሁንም አስባለሁ። ሰው እንዳመሉ ነው የሚኖረው፤ እሷን ሳይ ደግሞ የጎደላት ነገር የለም። ከሁለተኛው ድርሰት በኋላ ሌላ ከተማ ያለ ኦርኬስትራ የመጀመሪያውን ተጫውቶላታል፤ ሄዳ ሰምታ መጣች። "እንዴት ነበር?" ስላት "ከኛዎቹ ይቸኩላሉ፣ ግን ደህና ናቸው" አለችኝ። አሁን የኦርኬስትራው ወረቀት አዘጋጆች አዲስ ደራሲ ሲመጣ እሷ ጋ ይልኩታል። የገጹን ነገር ታስረዳዋለች። አንዳንዱ ይሰማታል፣ አንዳንዱ አይሰማትም።

ዛሬ እህቴ ከቤቴ ሁለት ፌርማታ አልፎ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የራሷ ጠረጴዛ አላት። ጠዋት ትጽፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ለሕፃናቱ ፒያኖ ትመታለች፣ እሑድ እሑድ እማዬን ልታይ ትመጣለች። ሦስተኛውን የኦርኬስትራ ድርሰት ግማሽ አድርሳዋለች፤ አሁን የክላርኔቶቹን ክፍል እየጻፈች ነው።